የኂሩት መልስ

በቅርብ ዓመታት በኤውሮጳና በአሜሪካ ያሉ አንዳንድ የቴያትርና የሲኒማ ደራስያን፥ ያለፈውን ዘመን በመድረክና በመጋረጃ ላይ ሲያሳዩ፥ ዐይናቸውን ከታላቁ ሰው ላይ አንሥተው በደጃፉ በቆመው ሎሌ ላይ ማሳረፍ ጀምረዋል። ፈላስፋው ስለ ነፃነት ሲጽፍ መብራቱን ያበራለት፥ እሳቱን ያነደደለት፥ ከቅኝ ግዛት በመርከብ የመጣውን ስኳርና ቡና ከፊቱ ያቀረበለት ማን ነበር? እያሉ ይጠይቃሉ። ከዚህም አልፈው፥ በጌታና በሎሌ መካከል፥ አንዳንድ ጊዜም በወንድና በወንድ መካከል፥ ሕግና ልማድ የከለከሉት ፍቅር ተሰውሮ ይኖር እንደ ነበረ ያሳያሉ። አሠራራቸው የሙከራ ነው፤ ታሪኩ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ሊሄድ፥ የዛሬ ሰውም በጥንቱ ልብስ ገብቶ ሊናገር ይችላል። ለእኛ አገር ተመልካች እንግዳ የሚሆንበት፥ አንዳንዱም ነውር የሚመስለው ነገር አይጠፋውም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ያንን ለማመስገንም ለመንቀፍም አልተነሣንም። ነገር ግን ከነገሩ ሥር አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የባሕር ማዶ ሰዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሰው ትእዛዝ ሥር የሚኖር ሰው «እሺ» ባለ ጊዜ፥ እሺታው የራሱ ነውን?

ይህን ለመመርመር ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ እንፍራዝ ይበቃናል።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1592 ዓ. ም. በአክሱም አቅራቢያ ከድኻ ገበሬ ቤት እንደ ተወለደ ሐተታው ይነግረናል። ትምህርቱን ጨርሶ በማስተማር ላይ ሳለ፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ሃይማኖት በአገሩ ላይ በግድ ሲጫን፥ ጠላት ከሰሰውና ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ሸሸ። በተከዜ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጦ ከማሰብ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። ንጉሡ በ1624 ዓ. ም. ገደማ ከሞተ በኋላ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ደረሰና ሀብቱ ከሚባል ባለጠጋ ቤት ተጠጋ። ለዚህ ሰው ዳዊት እየገለበጠ፥ ልጆቹንም እያስተማረ ኖረ። ሐተታውን የጻፈው ካረጀ በኋላ፥ በ1660 ዓ. ም. ገደማ፥ የሀብቱ ልጅ የሆነው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለ ለመነው ነው።

በዚያ ቤት ኂሩት የምትባል ገረድ ነበረች። ስሟ በግዕዝ ቸርነት ማለት ነው። ፈላስፋው ስለ እርሷ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ መልኳ የሚያምር እንዳልነበረ፥ ነገር ግን ጠባየ መልካም፥ አስተዋይና ታጋሽ እንደ ነበረች ይናገራል። እርሱ መነኵሴ ለመሆን አልፈለገም፤ ሴትንና ወንድን የፈጠረው አምላክ ጋብቻን ርኩስ አላደረገውም ብሎ ያምናልና። ስለዚህ ወደ ጌታዋ ሄዶ ይህችን ሴት ሚስት እንድትሆነኝ ስጠኝ አለው። ሀብቱም ፈቀደ፤ ሲፈቅድም እንግዲህ የእኔ መሆኗ ቀርቶ ያንተ ገረድ ትሁን በሚል ቃል ፈቀደ። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ይህን ቃል አልተቀበለም። ገረድ ሳይሆን ሚስት ነው የምፈልገው፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታና ገረድ ሊባሉ አይገባም ብሎ መለሰ።

ብዙ ጸሐፊዎች ከዚህ ላይ ያቆማሉ። ባልና ሚስት እኩል መሆናቸውን በዚያ ዘመን የተናገረ ኢትዮጵያዊ ተገኘ ብለው ይደሰታሉ፤ ደስታቸውም ተገቢ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለቱ ወንዶች ከተስማሙ በኋላ ኂሩት ተጠራች። ፈላስፋው ሚስቴ ልትሆኚ ትወጂያለሽን? ብሎ ጠየቃት። እርሷም ፈቃዱን ወደ ጌታዋ መለሰችው፤ ጌታዬ እንደ ወደደ ይሁን አለች። ጌታዋ በበኩሉ መፍቀዱን ከነገራት በኋላ ብቻ፥ ለእኔም መልካም ነው፤ ከዚህ የሚሻል ሰው ከወዴት አገኛለሁ የሚል ሁለተኛ መልስ ሰጠች።

እንግዲህ የትኛው ነው የኂሩት መልስ? የመጀመሪያው ነው ብንል፥ ይህ የገረድ ሁሉ መልስ ነው፤ የማንም ስለ ሆነ የእርሷ አይደለም። ሁለተኛው ነው ብንል፥ ጌታዋ ከፈቀደላት በኋላ የተገኘ ፈቃድ ነውና ምን ያህሉ የእርሷ፥ ምን ያህሉ የጌታዋ እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ፈላስፋው ራሱ የእኩልነትን ቃል የተናገረው ለሀብቱ እንጂ ለእርሷ አልነበረም። ሴቲቱን ከመጠየቁ በፊት ባለቤቷን ጠየቀ። ይህን ስንል ለመክሰስ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ገረዲቱን በስውር ቢጠይቃት ኖሮ የሚደርስባት ቅጣት በእርሷ ላይ እንጂ በእርሱ ላይ ባልወደቀም ነበር። ነገር ግን እኩልነትን ያወቀ ሰው፥ ወደ እኩልነት ለመድረስ በባለቤትነት በር ማለፍ ግድ እንደ ሆነበት ልብ ይሏል። ደግሞም ጠያቂው ራሱ ጌታ አልነበረም። ሀብቱን «ጌታዬ» እያለ ይጠራዋል፤ የሚበላውም ከእርሱ እጅ ነበር። ምናልባት ኂሩት ከዚህ የሚሻል ሰው አላገኝም ያለችው፥ በዚያ ግቢ ውስጥ እንደ እርሷ በሰው ቤት የሚኖር፥ ሆኖም ራሱን ያልሸጠ ሰው ስላየች ይሆናል። ይህ የእኛ ግምት ነው። መጽሐፉ የእርሱ እንጂ የእርሷ ስላልሆነ፥ ስለ እርሱ ምን ታስብ እንደ ነበር በእርሷ ቃል የተጻፈ አንድ ገጽ የለንም።

ከዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ግዕዝ ለታላቁም ለታናሹም «አንተ» እና «አንቲ» ይላል፤ ለእግዚአብሔርም ቢሆን ሌላ ቃል የለውም። ስለዚህ ግዕዙን የሚያነብ ሰው በሀብቱ፥ በዘርዐ ያዕቆብና በኂሩት መካከል በአጠራር የሚታይ ልዩነት አያገኝም። ወደ አማርኛ በተመለሰ ጊዜ ግን ተርጓሚው መምረጥ ይኖርበታል፤ ኂሩት ለወደፊት ባሏ «አንተ» ትበለው ወይስ «እርስዎ»? እርሱስ እርሷን? ግዕዙ ዝም ያለበትን ማዕርግ፥ አማርኛችን ሳይጠየቅ ይናገረዋል። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ፥ በሆላንድ አገር፥ ሌላ ፈላስፋ በሌላ ገረድ ፊት ቆሞ ነበር። ሬኔ ዴካርት በአምስተርዳም ከአንድ መጽሐፍ ሻጭ ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ሳለ፥ የቤቱ ሠራተኛ የነበረችው ሄሌና ያንስ ከእርሱ ፀነሰች። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1635 ፍራንሲን የተባለች ሴት ልጅ ተወለደች፤ በ1640ም በአምስት ዓመቷ ሞተች። አባት በልጁ ሞት እጅግ እንዳዘነ ይነገራል። እናቲቱን ግን አላገባትም፤ በ1644 ሌላ ሰው ስታገባ ጥሎሽዋን ከፈለላት። ይህ ሰው በ1637 ባወጣው መጽሐፉ፥ የማመዛዘን ችሎታ በሰዎች ሁሉ ዘንድ በተፈጥሮ እኩል እንደ ሆነ የጻፈ ነው። አእምሮ እኩል ነው ማለትንና ገረዲቱን ሚስቴ ናት ማለትን አንድ ራስ ውስጥ ለየብቻ ማስቀመጥ ይቻላል ማለት ነው። የእንፍራዙ ሰው ሁለቱን አገናኘ። ዴካርት በሌላው ነገር ሁሉ ከእርሱ እጅግ የላቀ ሊሆን ይችላል፤ በዚህች አንዲት ነገር ግን የላቀው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። (የኮኒስበርጉ ካንትም ማርቲን ላምፔ የተባለ አሽከር አርባ ዓመት ያህል ካገለገለው በኋላ በ1802 አሰናበተው፤ የዚህን ሰው ስም ፈጽሞ መርሳት እንደሚገባው ለራሱ ማስታወሻ ጻፈ ይባላል። ለመርሳት መጻፍ ያስፈለገው መሆኑ፥ ሎሌው በጌታው ልብ ውስጥ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያሳያል።)

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም። ሐተታው የዘርዐ ያዕቆብ አይደለም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የመጽሐፉን ግልባጭ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ኢጣልያዊ የካፑቺን መነኵሴ ነበር። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 መነኵሴው ራሱ የጻፈው ነው ብሎ ተከራከረ። ኮንቲ ሮሲኒ የግዕዝ ሊቅ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። በኤርትራ የቅኝ ግዛት ሹም ሆኖ ያገለገለ መሆኑም፥ በ1935 ደግሞ ኢትዮጵያ ወደ ሥልጣኔ መራመድ አትችልም የሚል ጽሑፍ ያወጣ መሆኑም ይታወቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ክሎድ ሳምነር በበኩሉ ሥራውን የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ብዙ ጥራዝ ጽፎ ተሟገተ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሰውን በሹመቱ ብቻ መርምሮ ማስረጃውን መጣል አይገባም፤ የቅኝ ገዥ ሹም እውነት ሊናገር፥ ወዳጅም ሊሳሳት ይችላልና። እኛ የመጽሐፉ ቃና የአገር ልጅ ቃና ይመስለናል፤ ነገር ግን ይህ የአንባቢ ስሜት እንጂ የሊቅ ማስረጃ ስላልሆነ አንመካበትም።

ሆኖም የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ለጊዜው እንቀበልና ወዴት እንደሚያደርሰን እንመልከት። መጽሐፉን የጻፈው ኢጣልያዊ መነኵሴ ከሆነ፥ በኢትዮጵያ ምድር ተቀምጦ፥ አንዲትን ኢትዮጵያዊት በተመለከተ «ገረድ አይደለችም፤ ሚስት ናት» የሚለውን ቃል የጻፈ ኢጣልያዊ ነበረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰማንያ ያህል ዓመት ቈይቶ የመጣው የኢጣልያ መንግሥት ይህንኑ ቃል ወንጀል አደረገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢጣልያ አገራችንን ከወረረች በኋላ፥ በሚያዝያ 1929 ዓ. ም. ቍጥር 880 የሆነ ድንጋጌ ወጣ። በቅኝ ግዛቷ ከአገሬው ተወላጅ ጋር በጋብቻ መልክ የሚኖር ኢጣልያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲፈረድበት ደነገገ። ልብ ብለን ካየነው የተከለከለው ሴቲቱን መንካት አልነበረም። ሴቲቱን እንደ ገረድ ማሠራት አልተከለከለም፤ ለሥጋ ፈቃድ ብቻ መገናኘትም በዚህ ሕግ አያስቀጣም ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በአስመራ የተቀመጡ ዳኞች አንድ እንግዳ የሆነ ምርመራ ማካሄድ ግድ ሆነባቸው፤ ተከሳሹ ሴቲቱን ይወዳታልን? ከእርሷ ጋር በአንድ ማዕድ ይበላልን? በታመመች ጊዜ ያስታምማታልን? ይቀናባታልን? ብለው ይጠይቃሉ። ፍቅር ከተገኘ ወንጀል ተገኘ። ገረድ ብቻ ነበረች ብሎ ያስረዳ ሰው ነፃ ሊወጣ ይችል ነበር። በዓለም ላይ ብዙ ክፉ ሕግ ወጥቷል፤ ነገር ግን ሰው ነፃ ለመውጣት «አልወዳትም ነበር» ብሎ እንዲምል የሚያስገድድ ሕግ ጥቂት ይመስለናል።

ሕጉ የሚቀጣው ኢጣልያዊውን ብቻ ነበር፤ ሴቲቱን አይነካም። ይህን ቸርነት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ከቅጣት ሁሉ የባሰ ንቀት እናይበታለን። ለማጥፋት እንኳ ብቁ ናት ብሎ አልቈጠራትምና። ኂሩት ቢያንስ ተጠርታ ተጠይቃለች። በ1932 ዓ. ም. ደግሞ ከዚህ የከፋ ሕግ መጣ፤ ኢጣልያዊ አባት ከተወላጅ የወለደውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። የአማርኛ ሲኒማ የመጀመሪያው ረጅም ሥራ በ1957 ዓ. ም. ገደማ ሲወጣ ስሙ «ሂሩት አባቷ ማነው» መሆኑ ለእኛ ድንገተኛ ነገር አይመስለንም፤ ታሪኩ ስለ ሌላ ቢሆንም፥ ያን ጥያቄ በሕይወታቸው የሚጠይቁ ብዙ ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ወራሪው ሲመጣ ነፃ አውጭ ነኝ እያለ መምጣቱንም መዘንጋት የለብንም። ጄኔራል ዴ ቦኖ በጥቅምት 1928 ዓ. ም. በትግራይ ባርነት ተሻረ ብሎ ዐወጀ። ውሸት ነው ብለን እንዳንሸሽ፥ ባርነቱ እውነት ነበረ። የእኛው መንግሥት በ1916 ዓ. ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ እንዲወጡ ደንግጎ ነበር፤ ፈጽሞ የተሻረው ግን ከነፃነት በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ. ም. ነው። በተለይ የእኛ የደቡቡ ሕዝብ ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በአያቶቹ ትዝታ ያውቀዋል፤ ማን ገባር፥ ማን ባለ መሬት እንደ ነበረ ዛሬም በቤቱ ይወራል። ወራሪው ያገኘው ሰበብ ከእኛ ቤት የተገኘ ሰበብ ነበር። ነገር ግን ባሪያን ነፃ አወጣሁ ያለው መንግሥት፥ በሁለተኛው ዓመት ነፃ የወጣችውን ሴት ሚስት ተብላ እንዳትጠራ ከለከለ። በእርሱ ዘንድ ነፃነት ማለት ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው መዛወር ነበር፤ ሀብቱ ስለ ኂሩት መጀመሪያ እንደ ተናገረው ማለት ነው።

ሎሌነት በፍቅር ነገር ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በሐሳብም ይታያል። አስቴር ጋኖ በ1870ዎቹ መጀመሪያ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የተወለደች ኦሮሞ ናት። በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነች፤ በ1886 በባሕር ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ ያዛትና ነፃ ወጣች፤ ከዚያም በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። እንደ እርሷ ከባርነት ነፃ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በሚመልስበት ጊዜ የቋንቋው ጉልበት ያለው በእርሷ ዘንድ መሆኑን ዐወቀ። ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል ቃላት ሰበሰበች፤ ተረቱን፥ እንቈቅልሹን፥ ዘፈኑን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ታተመ፤ የተርጓሚነቱም ስም የአናሲሞስ ብቻ ሆነ። እኛ አናሲሞስን ለመውቀስ አንደፍርም። እርሱም ሂካ ተብሎ ተወልዶ ተሽጦ የነበረ ሰው ነው፤ ሂካም በኦሮምኛ ፈቺ፥ ተርጓሚ ማለት ነው። ከሁለት ነፃ ከወጡ ሰዎች መካከል እንኳ፥ ወንዱ ደራሲ፥ ሴቲቱ ረዳት ተብለው መለያየታቸው ግን ይደንቃል። ዛሬ በሻኪሶም ሆነ በነጌሌ በትምህርት ቤት ኦሮምኛ የሚጽፍ ልጅ ሁሉ ከአስቴር የቃል ጎተራ ሳያውቅ ይቀዳል። የአንድ ሰው ሐሳብ የማን ነው? የጻፈው ነው ወይስ ቃሉን ያቀበለው?

ስለ ነጌሌ ካነሣን አይቀር ሌላም ነገር እናስታውስ። ከእኛ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው በነጌሌ ቦረና ሰፍሮ የነበረው የአራተኛው ብርጌድ ጦር ጥር 4 ቀን 1966 ዓ. ም. ዐመፀ። ምክንያቱ ትልቅ የፖለቲካ ሐሳብ አልነበረም። ምግቡ የተበላሸ ነበር፤ የወታደሮቹም የውኃ ፓምፕ ተሰብሮ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። የነጌሌን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ወታደሮቹ መኰንኖቻቸውን አሰሩ። ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው፥ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፥ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ የሆነውን ሁሉም ያውቃል።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ እኛም ከደስታው አልራቅንም። ነገር ግን በያዝነው ጥያቄ ብንመረምረው፥ በዚያ ቀን ጄኔራሉ የበሉት በፈቃዳቸው አልነበረም። እሺ ያሉት እምቢ ማለት ስላልቻሉ ነው። ወታደሩ ዕድሜውን በሙሉ ሲል የኖረውን እሺታ ለአንድ ቀን እርሳቸው አሉት። ጌታና ሎሌ ቦታ ቢለዋወጡ፥ የተሰረቀው እሺታ ባለቤቱን አላገኘም፤ ወንበሩ ብቻ ተለወጠ። ውኃውን ከአንድ ጕድጓድ መቅዳት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቁትም እርሱን ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ሀብቱን «አንተ ደግሞ የኂሩት ሎሌ ሁን» አላለውም፤ ጌታና ገረድ የሚባለው ስም ይቅር አለ እንጂ። የነጌሌው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ይህን ይመስል ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ሻኪሶ የወርቅ አገር ናት። በአዶላ ምድር ወርቅ ሲታጠብ ከዘጠና ዓመት ወዲህ ነው፤ በለገደምቢም ትልቁ ማዕድን አለ። ገበቴውን ይዞ ከወንዝ ገብቶ የሚያጥበው ሰው፥ ያገኘውን በዚያው ቀን ይሸጠዋል፤ ወርቁ በማን አንገት ላይ እንደሚውል አያውቅም። ይህን ያነሣነው ስለ ወርቅ ልንጽፍ አይደለም፤ በከተማችን በሰውና በሰው መካከል ያለው ርቀት በዐይን የሚታይ ስለ ሆነ ነው። መኪና ያለው፥ ቤት ያሠራ፥ ከገጠር የመጣች ልጅ ቀጥሮ እንጀራ የሚያስጋግር ሰው በዝቷል። ልጅቱ የቤቱን ጌታ «ጋሼ»፥ እመቤቲቱን «እትዬ» ትላለች፤ የዘመድ አጠራር ነው፤ ዘመድ ግን አይደሉም። እርሷ ከምሽቱ በኋላ ለብቻዋ በማጀት ትበላለች። ቀድሞ ገረድ ትባል ነበር፤ ዛሬ ሠራተኛ ትባላለች፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የግል አገልግሎትን ቅጥር ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፥ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ሠራተኛ የሚለው ስም ተሰጣት፤ የሠራተኛው ሕግ ግን በማጀቱ በር ላይ ቆመ። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሕግ የሚያረቅቁም የሚያስፈጽሙም ስለ ሆኑ፥ ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል።

እኛ በምንሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ተላላኪ አሉ። በዕድሜ ከእኛ በሃያ ዓመት ይበልጣሉ፤ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ በአገራቸው በጉጂ ዘንድ ነገር ሲበላሽ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። በመሥሪያ ቤቱ ግን ሁሉም «አንተ» ይላቸዋል፤ እኛም እንል ነበር። ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተን ሥራ በያዝን ጊዜ የሰማነው ይህ ስለ ነበር፥ ዐሥር ዓመት ያህል ሳናስበው ኖርን። ደብዳቤ አድርስ፥ ውኃ አምጣ፥ በሩን ዝጋ እንላለን፤ እርሳቸውም «እሺ ጌታዬ» ይላሉ።

ስለ ኂሩት ለመጻፍ ካሰብን በኋላ አፋችን ያንን «አንተ» መናገር አስቸገረው። አንድ ቀን ጧት ማኅደር ይዘው ሲገቡ «እባክዎ እዚያ ያስቀምጡልኝ» አልናቸው። ሽማግሌው ቆሙ። ማኅደሩን እንደ ያዙ ፊታችንን አዩት፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ጌታዬ፥ ምን አጠፋሁ?» አሉን። በእርሳቸው ዘንድ አለቃ ለተላላኪ «እርስዎ» ሲል፥ ወይ ሊያፌዝ ነው፥ ወይ የስንብት ደብዳቤ ሊሰጥ ነው። ምንም እንዳላጠፉ፥ ታላቃችን ስለ ሆኑ ብቻ እንደ ሆነ ነገርናቸው። «ይሁን፤ እርስዎ እንደ ወደዱ» አሉና ወጡ።

እንደ ወደድን እንዲሆን አልነበረም ያሰብነው። ከዚያ ወዲህ እኛ «እርስዎ» እንላቸዋለን፤ እርሳቸውም «ጌታዬ» ይሉናል። ጌታዬ አይበሉኝ ብለን አንድ ጊዜ ጠየቅናቸው፤ ያንንም «እሺ ጌታዬ» ብለው ተቀበሉት። አሁን ሦስተኛ ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ደብዳቤ ይዘው እንዲሄዱ ብንጠይቃቸው፥ ዝናቡ እስኪያባራ እቆያለሁ አሉን፤ ወንበር ስበው በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ።